እውነት የሚመስል መታጠቢያ ቤት፤ በኮምፒውተር ስለሚሠራ የቤት ውስጥ ሥዕል የቀረበ ትችት

ገና ያልተሠራን ቤት እንደ ተሠራ አድርጎ የሚያሳይ አንድ የሥዕል ዐይነት በዘመናችን ተስፋፍቷል። ይህ ሥዕል በብሩሽና በቀለም የሚሣል ሳይሆን በኮምፒውተር የሚሰላ ነው። ሠዓሊው ግድግዳውን፥ ወለሉን፥ መስኮቱንና ዕቃውን በልክ ካቆመ በኋላ ለእያንዳንዱ ነገር የገጹን ጠባይ ይሰጠዋል፤ ይኸውም ለስላሳ ወይም ሻካራ፥ ብርሃን የሚያሳልፍ ወይም የማያሳልፍ መሆኑን ይወስናል። ቀጥሎም መብራቱን በየቦታው ያኖራል። ከዚያ በኋላ ብርሃኑ ከየት ተነሥቶ በምን ላይ እንደሚያርፍ፥ ካረፈበትም ተመልሶ ወዴት እንደሚሄድ መሣሪያው አስልቶ ሥዕሉን ያወጣዋል። የሙያው ሰዎች ይህን የመጨረሻ ሥራ «ሬንደር ማድረግ» ይሉታል፤ እኛ ግን ውጤቱን በዚህ ጽሑፍ «ስሌታዊ ሥዕል» እያልን እንጠራዋለን።

ከቤት ክፍሎች ሁሉ መርጠን መታጠቢያ ቤትን የምንመለከትበት ምክንያት አለን። ሳሎንን የሚሥል ሰው ብዙ መሸሸጊያ ያገኛል፤ መጋረጃውና ምንጣፉ፥ መጽሐፍ መደርደሪያውም የተመልካቹን ዐይን ይወስዱለታል። በመታጠቢያ ቤት ግን መሸሸጊያ የለም። ክፍሉ ጠባብ ነው፤ ግድግዳው ብዙውን ጊዜ ነጭ ነው፤ በዚያች ጠባብ ስፍራ ውስጥም የፊት መስተዋት፥ በክሮም የተለበጠ ቧንቧ፥ የሻወር መስተዋት፥ ሴራሚክ፥ ፎጣ፥ ሳሙናና ውሃ አንድ ላይ ይገኛሉ። ለብርሃን ስሌት አስቸጋሪ የሆነው ነገር ሁሉ እዚያ ተሰብስቧል ማለት ነው። ከዚህም በላይ መታጠቢያ ቤት ምን እንደሚመስል ለማንም ሰው ማስረዳት አያስፈልግም። ሁሉም በየቀኑ ይገባበታል፤ ግድግዳውንም ከክንድ ባነሰ ርቀት ያየዋል።

አሳባችን በአጭሩ ይህ ነው። ብርሃንን በትክክል የማስላት ጥያቄ በአብዛኛው መልስ አግኝቷል። ስለዚህ የእነዚህ ሥዕሎች ጉድለት ዛሬ የሚገኘው በስሌቱ ሳይሆን ሠዓሊው ባላየው ወይም ሊያይ ባልፈለገው ነገር ላይ ነው። ጉድለቱም የውበት ጉድለት ብቻ አይደለም፤ ሥዕሉን አምኖ ገንዘብ የሚከፍል ሰው አለና። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆናቸውን አስቀድመን እናሳስባለን።

ስለ ብርሃን

የስሌታዊ ሥዕል ታሪክ ረጅም አይደለም። በ1980 ተርነር ዊትድ የተባለ አሜሪካዊ ተመራማሪ ከተመልካቹ ዐይን ተነሥቶ የሚሄደውን ጨረር እየተከተለ፥ በመስተዋት ሲመለስና በብርጭቆ ውስጥ ሲታጠፍ የሚያሰላ ዘዴ አቀረበ። በዚህ ዘዴ የተሠሩት ሥዕሎች የሚያብረቀርቁ ነገሮችን በሚያስደንቅ ሁኔታ ያሳዩ ነበር፤ ዳሩ ግን አንዱ ግድግዳ ለሌላው ግድግዳ ብርሃን የሚሰጥ መሆኑን አይቈጥሩም ነበር። ስለዚህ መብራቱ በቀጥታ ያልነካው ቦታ ጨለማ ሆኖ እንዳይቀር ሠዓሊው አንድ ወጥ የሆነ የግምት ብርሃን በክፍሉ ሁሉ ላይ ይነሰንስበታል።

ይህን ጉድለት ለመሙላት በ1984 በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሲንዲ ጎራል፥ ኬኔት ቶራንስ፥ ዶናልድ ግሪንበርግና ቤኔት ባቴይል የሙቀትን መተላለፍ ከሚመለከተው የምሕንድስና ትምህርት ተውሰው፥ ግድግዶች እርስ በርሳቸው የሚለዋወጡትን ብርሃን የሚያሰላ ዘዴ አወጡ። መፈተኛቸው ባለ ቀለም ግድግዶች ያሉት አንድ ባዶ ሣጥን ነበር። በሥዕሉም የቀዩ ግድግዳ ቅላት በአጠገቡ ባለው ነጭ ገጽ ላይ ፈስሶ ታየ። በ1986 ጄምስ ካጂያ የብርሃንን ጕዞ ሁሉ በአንድ ቀመር ጠቅልሎ ጻፈ፤ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት መሣሪያዎች በአብዛኛው የዚያ ቀመር ልጆች ናቸው። በዚሁ በ1986 የኮርኔል ሰዎች እውነተኛውን ሣጥንና የተሰላውን ሥዕል ጎን ለጎን ለተመልካቾች አቅርበው ለዩ ቢሏቸው፥ ተመልካቾቹ በግምት ከሚመልስ ሰው የተሻለ መልስ ሊሰጡ አልቻሉም።

እንግዲህ ባዶ ሣጥንን በሚመለከት ጉዳዩ ያን ጊዜ አልቋል ሊባል ይቻላል። መታጠቢያ ቤት ግን ባዶ ሣጥን አይደለም። ደግሞም ቀመሩ ትክክል ቢሆንም ሠዓሊው ስሌቱን የት ላይ እንደሚያቆመው ይወስናል። ይህን በቍጥር ማሳየት ይሻላል። ነጭ ቀለም የተቀባ ግድግዳ ከሚያርፍበት ብርሃን ከመቶ 80 እጅ ያህሉን ይመልሳል እንበል። 100 ሆኖ የተነሣው ብርሃን አንድ ጊዜ ነጥሮ 80፥ ሁለት ጊዜ ነጥሮ 64፥ ሦስት ጊዜ ነጥሮ 51፥ አራት ጊዜ ነጥሮ 41 ይሆናል፤ ዐሥር ጊዜ ነጥሮም ገና 11 ያህል ይቀረዋል። ከመቶ 30 እጅ ብቻ በሚመልስ ጠቈር ያለ ክፍል ውስጥ ግን በሦስተኛው ንጥረት የሚቀረው 3 ያህል ብቻ ነው። ነጭ ክፍል ብርሃንን ቶሎ አይለቅም፤ በጥጋጥጉና ከእጅ መታጠቢያው ሥር የምናየው ለስላሳ ብርሃን ከብዙ ንጥረት በኋላ የደረሰ ነው።

ብሌንደር የተባለውና በነጻ የሚታደለው መሣሪያ ሳይክልስ በሚባለው ማስያው ውስጥ፥ ሠዓሊው ራሱ ካልለወጠው በቀር፥ ከደብዛዛ ገጽ የሚነጥረውን ብርሃን እስከ 4 ንጥረት ድረስ ብቻ ይከተላል። ገጹ ሁሉ ከመቶ 80 እጅ በሚመልስ ዝግ ክፍል ውስጥ ንጥረቱ ሁሉ ቢደመር ብርሃኑ ከቀጥታው 5 እጥፍ ይሆናል፤ በ4 ንጥረት ቢቈረጥ ግን ከጠቅላላው ሲሶው ይጠፋል። አንባቢው ከላይ የሰጠናቸውን ቍጥሮች ደምሮ ይህን ሊያረጋግጠው ይችላል። ነጩ መታጠቢያ ቤት ግራጫና ድብርታም ሆኖ የሚወጣባቸው የጀማሪዎች ሥዕሎች ብዙዎቹ ሕመማቸው ይህ ነው።

መድኃኒቱ ንጥረቱን መጨመር ሲሆን ብዙዎች ግን ሌላ መንገድ ይይዛሉ። ከጣሪያው በታች ወይም ከሥዕሉ ክፈፍ ውጭ የማይታይ መብራት ይሰቅላሉ። ክፍሉ ወዲያው ይፈካል፤ ተመልካቹም ይደሰታል። ነገር ግን የሳሙና ማስቀመጫው ጥላ ወደ መስኮቱ ሲወድቅ፥ የቧንቧው ጥላ ደግሞ ከመስኮቱ ሲሸሽ እናያለን። ይህን ባለቤት የሌለው ብርሃን እንለዋለን። ተመልካቹ ስሕተቱን በስም ባያውቀውም ዐይኑ ይጠረጥረዋል። በእውነተኛ ክፍል ውስጥ ለእያንዳንዱ ጥላ ተጠያቂ የሆነ መብራት አለና።

የብርሃን ቀለምም እንዲሁ ነው። የተለመደው የክር አምፑል ብርሃን ወደ 2700 ኬልቪን የሚጠጋ ቢጫማ ሲሆን፥ ደመና ያለበት የቀን ብርሃን ወደ 6500 የሚጠጋ ሰማያዊ ቅላጼ ያለው ነው። ሁለቱ በአንድ ነጭ ሴራሚክ ላይ ሲገናኙ ግማሹ ሞቅ፥ ግማሹ ቀዝቀዝ ብሎ መታየት አለበት። በብዙ ስሌታዊ ሥዕሎች ግን የመስኮቱም የአምፑሉም ብርሃን አንድ ዐይነት ነጭ ነው፤ በዚህም ምክንያት ክፍሉ ሰዓት የለውም። ጧት ይሁን ማታ ማወቅ አንችልም።

ስለ ብርጭቆ አንድ ነገር እንጨምር። ብርሃን በውሃና በብርጭቆ ውስጥ አልፎ ሲሰበሰብ በግድግዳው ላይ ደማቅ የብርሃን ሐረግ ይጥላል። ይህን ማስላት እጅግ አድካሚ ነው፤ የዴንማርክ ተወላጅ የሆነው ሄንሪክ ዋን ጄንሰን በ1996 ያቀረበው ዘዴ አንዱ ዓላማ ይህንኑ ማቅለል ነበር። ሥራውን ለማፍጠን ሲሉ ይህን ስሌት የሚያጠፉት ብዙዎች ናቸው። በዚያን ጊዜ የሻወሩ መስተዋት፥ ሌላ ማካካሻ ካልተደረገለት በቀር፥ እንደ ሳንቃ የጠቈረ ጥላ ይጥላል። ጥርት ያለ መስተዋት የጣውላ ጥላ ሲኖረው ማየት ለማንም ሰው እንግዳ ነገር ነው።

ስለ ገጽ

ሥዕልን እንደ ወረቀት በአንድ ቅርጽ ላይ የመለጠፍን ዘዴ ኤድዊን ካትመል በ1974 አቀረበ። በ1978 ጄምስ ብሊን ለስላሳውን ገጽ ሳይነካ ሸካራ አስመስሎ የማሳየትን ዘዴ ጨመረበት። በ2001 ደግሞ ጄንሰንና ጓደኞቹ ብርሃን እንደ እምነ በረድና እንደ ወተት ባሉ ነገሮች ውስጥ ጥቂት ገብቶ የሚወጣበትን አኳኋን በቀላሉ ማስላት የሚቻልበትን መንገድ አሳዩ። መሣሪያው እንግዲህ ሙሉ ነው፤ የሚጐድለው ማየት ነው።

ስለ ክሮም ቧንቧ እናስብ። ክሮም የራሱ ቀለም አለው ለማለት አያስደፍርም፤ የሚታይበት በፊቱ ያለው ነገር ነው። ስለዚህ ሠዓሊው ከካሜራው በስተ ኋላ ያለውን የክፍሉን ክፍል ባዶ ከተወው ቧንቧው የሚያሳየው ነገር አጥቶ እንደ ግራጫ ፕላስቲክ ይሆናል። ብዙ ጀማሪዎች ያን ጊዜ የክሮሙን ጠባይ ደጋግመው ይለውጣሉ፤ ጥፋቱ ግን በቧንቧው ሳይሆን በሌለው በር፥ በሌለው ፎጣና በሌለው ግድግዳ ነው።

የፊት መስተዋትም አንድ ምስጢር አለው። ብር መሰሉ ቅብ የሚገኘው ከብርጭቆው በስተ ጀርባ ስለ ሆነ ጥፍራችንን በመስተዋቱ ላይ ብናሳርፍ ጥፍሩና ምስሉ አይነካኩም፤ በመካከላቸው ጥቂት ክፍተት ይታያል። ይህንም አንባቢው አሁኑኑ ሊሞክረው ይችላል። በስሌታዊ ሥዕል ውስጥ ግን መስተዋቱ ውፍረት የሌለው ገጽ ሆኖ ይሠራል፤ ስለዚህ በጠርዙ ላይ የተቀመጠው የጥርስ ብሩሽ ከምስሉ ጋር ተጣብቆ ይታያል። ጠርዝም ራሱ ችግር ነው። በዓለም ላይ ፍጹም ስለታም የሆነ የሴራሚክ ወይም የእምነ በረድ ጠርዝ የለም፤ እጅግ ቀጭን የሆነ ክብነት ስላለው ብርሃን በላዩ ላይ እንደ ክር ይሄዳል። ይህ ክር የሌለበት የእጅ መታጠቢያ ከወረቀት የተቈረጠ ይመስላል።

ወለሉን በሚመለከት ደግሞ በፈረንሳዊው ሊቅ በፍሬኔል ስም የሚጠራው ሕግ አለ። ውሃ ቀጥ ብሎ የሚወርድበትን ብርሃን ከመቶ 2፥ ብርጭቆም ከመቶ 4 ያህል ብቻ ይመልሳል፤ ብርሃኑ አግድም እየተኛ ሲመጣ ግን መላሽነታቸው እየጨመረ ወደ መቶ ይጠጋል። ስለዚህ በእግራችን አጠገብ ያለው እርጥብ ሴራሚክ የራሱን ቀለም ሲያሳየን፥ በሩቁ ያለው የመስኮቱን ብርሃን ያሳየናል። የዛሬ መሣሪያዎች ይህን ራሳቸው ይሠሩታል። ሠዓሊው ግን ወለሉን ከዳር እስከ ዳር እኩል የሚያብረቀርቅ ካደረገው የመሣሪያውን ዕውቀት ያባክነዋል። የተረገጠው ቦታ ከማይረገጠው፥ ውሃ የደረሰበትም ካልደረሰበት የተለየ መሆን ነበረበት።

ስለ ሴራሚክ አደራደር ብዙዎች የሚሰነዝሩት ነቀፋ አንዱ ምስል እየተደጋገመ ነው የሚል ነው። ይህ ነቀፋ በቂ አይመስለንም፤ ፋብሪካውም ቢሆን አንዱን ንድፍ ይደጋግማልና። ዋናው ጥያቄ የሠራተኛው እጅ ይታያል ወይስ አይታይም የሚለው ነው። 2 ሜትር ከ50 የሆነ ግድግዳ በ30 ሳንቲ ሜትር ሴራሚክ ቢለበጥ 8 ሙሉ ሴራሚክ ይገባና 10 ሳንቲ ሜትር የማይሞላ ቍራጭ ይተርፋል። ሴራሚክ አንጣፊው ያችን ቍራጭ የት ላይ እንደሚያገባት፥ ከበሩ ጀርባ ወይስ ከመስኮቱ ጥግ፥ ማሰብ ግዴታው ነው። በብዙ ስሌታዊ ሥዕሎች ውስጥ ግን ቍራጭ ፈጽሞ የለም፤ ወይም የአንዱ ግድግዳ መጋጠሚያ መስመር ከሌላው ጋር ሳይገናኝ በጥጉ ላይ ይሰበራል። ይህን ስናይ ግድግዳውን ማንም ሰው እንዳልሠራው እናውቃለን።

ንጽሕና የበዛበት ሥዕል ሐሰት ይመስላል ብለው ከተዘጋጀ ማኅደር እድፍ እያመጡ በየቦታው የሚለጥፉም አሉ። ይህም ያው ነው። እድፍ ምክንያት አለው። ነጩ የውሃ ጨው የሚቀረው ጠብታ በሚደርቅበት በቧንቧው ሥር ነው፤ የመጋጠሚያው መጥቈር ውሃ በሚቆምበት በታችኛው ረድፍ ላይ ነው፤ የጣት አሻራም የሚገኘው እጅ በሚደርስበት ከፍታ ነው። ምክንያት የሌለው እድፍ ከንጹሕ ግድግዳ ይልቅ ያሳስታል።

ስለ ተመልካቹ ፍርድ

ኢኬያ የተባለው የስዊድን የቤት ዕቃ ድርጅት በካታሎጉ ውስጥ የመጀመሪያውን ስሌታዊ ሥዕል ያወጣው በ2006 ነው፤ ሥዕሉም በርቲል የተባለች አንዲት የእንጨት ወንበር ነበረች። በ2014 የድርጅቱ ባለሙያ እንደ ገለጸው፥ ያን ጊዜ ከዕቃዎቹ ሥዕሎች ከመቶ 75 ያህሉ ስሌታዊ ነበሩ። ካታሎጉ ራሱ ከ2020 በኋላ መታተሙ ቀርቷል። ይኸው ባለሙያ የተናገረው አንድ ነገር ለጉዳያችን እጅግ ይጠቅማል። በ2009 ገደማ የድርጅቱ ሰዎች በኮምፒውተር የተሠሩት ሥዕሎች መጥፎ ናቸው ብለው አቤቱታ አቀረቡ። ሥዕሎቹ ሲመረመሩ ግን የተነቀፉት ፎቶግራፎች፥ የተመሰገኑት ደግሞ ስሌታዊ ሥዕሎች ሆነው ተገኙ።

ይህን ታሪክ ብዙዎች የሚጠቅሱት ለጥበቡ ድል ማስረጃ አድርገው ነው። እኛ ግን ሌላ ትምህርት እናገኝበታለን። ተመልካቹ «እውነት ነው» ብሎ የሚያመሰግነው ከእውነተኛው ይልቅ ያማረውን ከሆነ፥ የተመልካቹ መደሰት ለሥዕሉ እውነተኛነት ምስክር ሊሆን አይችልም። ስለዚህ ትችት ያስፈልጋል፤ ትችቱም «ፎቶግራፍ ይመስላል ወይስ አይመስልም» ከሚለው ጥያቄ ማለፍ አለበት።

ስለ ቦታና ስለ ውሃ

አንድ መታጠቢያ ቤት በ1 ሜትር ከ80 በ2 ሜትር ከ40 ነው እንበል፤ ስፋቱ 4.32 ካሬ ሜትር ይሆናል። በዚህ ክፍል ውስጥ የቆመ ሰው የትኛውንም ግድግዳ ከ2 ሜትር ተኩል በላይ ርቆ ሊያይ አይችልም። ስሌታዊው ሠዓሊ ግን አንዱን ግድግዳ ያነሣና ካሜራውን በጎረቤት ክፍል ውስጥ ያቆማል፤ ወይም ሁሉን ጠቅልሎ በሚያሳይ ሰፊ ሌንስ ያያል። ብርሃኑ አንድም ስሕተት የለበትም፤ የሴራሚኩም ገጽ ፍጹም ነው፤ ነገር ግን ተመልካቹ ማንም ሰው ሊቆምበት ከማይችል ስፍራ እንዲያይ ተደርጓል። ጠባቡ ክፍል ሰፊ ሆኖ ይታያል። ይህን የሚያጋልጠው ብዙውን ጊዜ የፊት መስተዋቱ ነው፤ የተነሣው ግድግዳ በመስተዋቱ ውስጥ ይጐድላል፥ በፈንታውም ባዶ ሰማይ ይታያል።

ጉዳዩ በአገራችን የበለጠ የሚከብድበት ምክንያት አለ። በአዲስ አበባ ብዙ የመኖሪያ ሕንጻዎች የሚሸጡት ተሠርተው ሳያልቁ ነው። ገዥው የሚያየው በሕንጻው አጥር ላይ የተሰቀለውን ወይም በስልኩ የደረሰውን ሥዕል ነው። የቅድሚያውን ክፍያ፥ ምናልባትም የብዙ ዓመት ጥሪቱን ወይም በውጭ አገር ያለ ልጁ የላከለትን ገንዘብ፥ የሚሰጠው ይህን አይቶ ነው። በእነዚህ ሥዕሎች ውስጥ ግን ሰው የሚኖርበት የመታጠቢያ ቤት ዋና ዋና ነገሮች አይታዩም። የውሃ ማሞቂያው የሚሰቀልበት ቦታ የለም። ወለሉ ወደ ውሃ መውረጃው ዘንበል አላለም፤ እንዲያውም መውረጃው ራሱ አይታይም። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ በርሜል ወይም ባልዲ የሚቀመጥበት ጥግ አልታሰበም። በሩ ሲከፈት ከመቀመጫው ጋር ይጋጭ እንደ ሆነ የሚያስረዳ ነገር የለም።

«ይህ ሁሉ ከታየ ቤቱ ማን ይገዛዋል? ሥዕል ማሳመር አለበት እንጂ መመስከር የለበትም» የሚል መልስ ሊሰጠን ይችላል። መልሱ ከንቱ አይደለም። የቀድሞ ሠዓሊዎቻችን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ ሲሥሉ የመብራት ጥላ አያበጁም ነበር፤ ይህን አይቶ ሐሰተኞች ናቸው ያላቸው የለም። ምክንያቱም ሥዕላቸው ለዐይን ምስክርነት አልቆመም፤ ተመልካቹም ይህን ያውቃል። በእጅ የተነደፈ የሕንጻ ሥዕልም እንዲሁ ንድፍ መሆኑን አይሸሽግም። ስሌታዊ ሥዕል ግን በፎቶግራፍ መልክ የሚቀርብ ስለ ሆነ ፎቶግራፍ በረጅም ዘመን ያገኘውን እምነት ይዋሳል። እምነትን የተዋሰ ሰው የመመለስ ግዴታ አለበት። ያማረ ብርሃን መምረጥ፥ ያማረ ሰዓት መምረጥ የሠዓሊው መብት ነው፤ ልክንና ቦታን መለወጥ ግን ከመብቱ ውጭ ነው።

መደምደሚያ

ከዚህ የተነሣ ሁለት አሳቦች እናቀርባለን። አንደኛው ለሻጮችና ለሚያሠሯቸው ሠዓሊዎች ነው። ለሽያጭ በሚወጣ በማንኛውም ስሌታዊ ሥዕል ግርጌ ላይ የክፍሉ ርዝመትና ወርድ፥ ካሜራው የቆመበት ስፍራ፥ መስኮቱ የሚያይበት አቅጣጫና ሥዕሉ የሚያሳየው ሰዓት ቢጻፍ ወጪው ከአንድ መስመር ጽሕፈት አይበልጥም። ከእነዚህ ውስጥ የክፍሉን ልክና የካሜራውን ስፍራ መሣሪያው አስቀድሞ ያውቃቸዋል፤ ያለ እነርሱ ሊያሰላ አይችልምና። ለገዥው ግን ከብዙ ገጽ ማስታወቂያ የበለጠ ይጠቅሙታል።

ሁለተኛው ለተማሪዎች ነው። ብሌንደርን የመሰለ መሣሪያ በነጻ ስለሚገኝ ጥበቡን ለመማር ገንዘብ አያግድም፤ አስቸጋሪው ነገር ዕቃዎቹ በሌላ አገር ተዘጋጅተው መምጣታቸው ነው። ስለዚህ ተማሪው ሳያስበው በማያውቀው አገር መታጠቢያ ቤት ውስጥ ሲሠራ ይውላል። ከእምነ በረድ ገንዳ ይልቅ ቢጫውን ጀሪካን በመስኮት አጠገብ አስቀምጦ መሣሉ የተሻለ ልምምድ ይመስለናል። ፕላስቲኩ ብርሃኑን ጥቂት ያሳልፋል፤ ግማሽ ድረስ ከተሞላ የውሃው ልክ በውጭ በኩል ይታያል፤ ከውሃው በላይ ያለው ክፍል ሲፈካ በታች ያለው ጠቈር ይላል፤ በእጀታው ዙሪያ የእጅ ወዝ አለ፤ በአጠገቡ ያለው ነጭ ግድግዳም ቢጫነቱን ይቀበላል። የኮርኔል ሰዎች በሣጥናቸው የፈተኑት የብርሃን ሕግ፥ ጄንሰን በእምነ በረድ ያሳየው የብርሃን ሥርገት፥ ሁለቱም በዚህ አንድ ዕቃ ላይ ይገኛሉ። ትክክል መሆኑንና አለመሆኑን ለመፍረድም ማኅደር መፈለግ አያሻም፤ ጀሪካኑ በየቤቱ አለና።